ከመዝገብ ሠንጠረዥ ላይ ቁልፍን ስለ ማንሣት

የነጋዴው መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ ባለ ሀብቱ በዓይኑ የማያየው፥ ነገር ግን ገንዘቡን የሚጠብቅለት አንድ ነገር በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም ባለሙያዎች «ቁልፍ» የሚሉት ድንጋጌ ነው። አስመጪውም ሆነ ላኪው፥ ባለ ሱቁም ሆነ ባለ መጋዘኑ ስለዚህ ቁልፍ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም ቀን ፕሮግራሙን የሚያስተካክለው ባለሙያ መጥቶ፥ «ይህ ቁልፍ ሥራውን እየከለከለ ስለ ሆነ ላንሣው» ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅበት ቀን ነው። ባለ ሀብቱም የተጠየቀው ነገር ምን እንደ ሆነ በሚገባ ሳይረዳ፥ ሥራው እንዳይቆምበት ሲል ብቻ «አንሣው» ይላል። ቁልፉን ለማንሣት አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ከቁልፉ ጋራ ምን አብሮ እንደሚሄድ፥ ኋላም ይመለስ ቢባል ምን ያህል ድካም እንደሚያስከትል ግን ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

በሠንጠረዥ ለሚደራጀው የመረጃ መዝገብ፥ ማለት ዛሬ በብዛት ዳታቤዝ ለሚባለው፥ መሠረቱን የጣሉት በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ኤድጋር ኮድ የተባሉ ሊቅ ናቸው። እኒህ ሊቅ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ በሳን ሆዜ ከተማ በነበረው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የምርምር ክፍል ሲሠሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ መረጃ ሁሉ ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሠንጠረዦች እንዲያዝ፥ አንዱ ረድፍ ከሌላው በቁልፍ እንዲለይ፥ አንዱም ሠንጠረዥ ከሌላው ጋራ በቁልፍ እንዲያያዝ ሐሳብ አቀረቡ። ኦራክል፥ ማይኤስኪውኤል፥ ፖስትግሬስኪውኤል፥ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ማይክሮሶፍት አክሰስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሁሉ የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ነገሩ ግን ለነጋዴ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የሒሳብ አያያዝ እያንዳንዱ የዱቤ ደንበኛ በትልቁ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ነበረው፤ የሒሳብ ጸሐፊውም በዕለት መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ዕዳ አጠገብ ያንኑ የገጽ ቁጥር ያሰፍር ነበር። ለሁለት ደንበኞች አንድ የገጽ ቁጥር አይሰጥም፤ በሌለ ገጽም ስም ዕዳ አይጻፍም። የመጀመሪያው ደንብ በኮምፒዩተር መዝገብ «ዋና ቁልፍ» ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ «የውጭ ቁልፍ» ይባላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በጥንቱ መዝገብ ደንቡን የሚጠብቀው የጸሐፊው ጥንቃቄ ሲሆን፥ በአዲሱ ግን ድንጋጌው ራሱ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የማይገባውን ይመልሳል።

ዋናው ቁልፍ ዘወትር ቁጥር እንዲሆን የሚደረግበት ምክንያት በኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የቤተሰብ ስም ስለሌለ፥ ደንበኛው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ከተመዘገበ፥ በመርካቶ አንድ ተራ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ፊደሉም ለአንዳንዱ ድምፅ ሁለት ሦስት መልክ አለው። «ኃይሉ»፥ «ሐይሉ»፥ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈውን ስም ሰው ሲያነበው አንድ ሰው መሆኑን ይረዳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ደንበኞች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ የአጻጻፉ ዓይነት ከዚያም ይበዛል። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከስም እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም መለያ ቁጥር የሌለው ጥቃቅን ገዢ ስላለ፥ ባዶ መሆን በማይፈቀድለት በዋናው ቁልፍ ቦታ ከማግባት ይልቅ «ከተጻፈ አይደገም» በሚል በሁለተኛ ደረጃ ድንጋጌ መጠበቁ ይመረጣል። (ብዙዎቹ መለያ ቁጥሮች በዜሮ ስለሚጀምሩ፥ ዓምዱ የሒሳብ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ተብሎ መከፈት አለበት፤ አለዚያ በመነሻው ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ።)

አሁን ቁልፉ ተነሣ እንበል። ያን ዕለት አንዳችም ነገር አይለወጥም። ረድፎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ድምሩም እንደ ትናንትናው ነው፤ ሥራውን ያግድ የነበረው የስሕተት መልእክትም ቀርቷል። ባለ ሀብቱ የተጠቀመ ይመስለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የሚመጣውም በቁልፉ በኩል ሳይሆን በድምሩ በኩል ነው።

ለምሳሌ አንድ የብረታ ብረት አስመጪ በቁጥር 417 የተመዘገበ ደንበኛ አለው ይባል። ደንበኛው በሦስት ደረሰኝ የ120,000፥ የ80,000 እና የ50,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወስዷል፤ ጠቅላላ ዕዳው 250,000 ብር ነው። ዋናው ቁልፍ ከተነሣ በኋላ ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ሰው ስሙን በሌላ «ሀ» ጽፎ በቁጥር 417 እንደ ገና ቢመዘግበው የሚከለክለው የለም። የዕዳ ዝርዝር የሚያወጣው ፕሮግራም ደረሰኙን ከደንበኛው ጋራ የሚያገናኘው በቁጥሩ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ደረሰኝ ሁለት ባለቤት ያገኛል፤ ሦስቱ ደረሰኞች ስድስት ሆነው ይታያሉ፤ ዕዳውም 500,000 ብር ተብሎ ይታተማል። በደረሰኙ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። የተሳሳተው ማገናኘቱ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ መርማሪ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ቢደምር ስሕተቱን አያገኘውም።

የውጭው ቁልፍ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ይሆናል። አንድ ሠራተኛ «ከዓመት በላይ ያልመጡ ደንበኞች ይሰረዙ» ተብሎ ሲታዘዝ፥ ቁልፉ በነበረበት ጊዜ መዝገቡ «ይህ ሰው ደረሰኝ አለበትና አይሰረዝም» ብሎ ይመልሰው ነበር። አሁን ግን ቁጥር 417 ያለ አንዳች ተቃውሞ ይሰረዛል። ሦስቱ ደረሰኞች ባለቤት ሳይኖራቸው በሠንጠረዡ ውስጥ ይቀራሉ፤ የዕዳ ዝርዝሩ ግን ደንበኛ ያላቸውን ደረሰኞች ብቻ እየለቀመ የሚያትም ከሆነ 250,000 ብር ከዝርዝሩ ይወጣል። ከሁለቱ ጉዳቶች የሚከፋው ይኸኛው ነው። ዕዳው በእጥፍ የተጻፈበት ሰው ደብዳቤው በደረሰው ቀን ከበር ላይ ሆኖ እየጮኸ ይመጣል፤ ዕዳው የተረሳለት ሰው ግን አስታውሱኝ ብሎ አይመጣም።

ይህ ሁሉ ሲባል ቁልፍ ከቶ አይነሣም ማለት አይደለም። በአግባቡ የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ ዋነኛውም ቁልፉ ከመጀመሪያው በደንብ ሳይመረጥ የቀረ እንደ ሆነ ነው። አንዳንድ የንግድ ቤቶች የዕቃ ማውጫ ሰነዳቸውን ቁጥር በየበጀት ዓመቱ መግቢያ፥ ሐምሌ 1 ቀን፥ ከአንድ ይጀምራሉ። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የሰነዱን ቁጥር ብቻውን ዋና ቁልፍ አድርጎት ከሆነ፥ በሁለተኛው ዓመት በመጀመሪያው ቀን መዝገቡ «ቁጥር 1 አስቀድሞ ተጽፏል» ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ አሮጌውን ቁልፍ አንሥቶ ዓመቱንና ቁጥሩን በአንድነት የያዘ አዲስ ቁልፍ መትከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓመት ሲባል የትኛው ዓመት? በመስከረም 2016 የወጣ ቁጥር 40 ሰነድ የ2016 በጀት ዓመት ነው፤ በነሐሴ 2016 የወጣው ቁጥር 40 ግን የ2017 በጀት ዓመት ነው። በቁልፉ ውስጥ የገባው የቀን መቁጠሪያው ዓመት ከሆነ ሁለቱ ሰነዶች አንድ ሆነው ይጋጫሉ፤ አዲሱም ቁልፍ እንደ አሮጌው በክረምት ሥራ ያቆማል። መግባት ያለበት የበጀት ዓመቱ ነው። በመዝገቡ ውስጥ አንዱ ቀን በኢትዮጵያ፥ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ይህ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ሁለት ሱቆች ሲዋሐዱም ቁልፍ ይነሣል፤ ሁለቱም ደንበኞቻቸውን ከ1 ጀምረው ስለ ቈጠሩ የሱቁ መለያ በቁልፉ ውስጥ መጨመር ይኖርበታልና። የብዙ ዓመት መረጃ በአንድ ሌሊት ለማስገባት ሲታሰብም ሥራው እንዲፈጥን የውጭ ቁልፎችን ለጊዜው ማንሣት የተለመደ ነው። የማይገባው ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ የሚበዛው ነው። መዝገቡ «ይህ ተደግሟል» ብሎ ሲጮኽ ድምፁን ለማጥፋት ተብሎ ቁልፉ ይነሣል። የተደገመው ረድፍ ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ ቁልፉን የሚያነሣ ባለሙያ ሥራውን በግማሽ የሠራ ሰው ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፥ ቁልፍን የሚያነሣው ትእዛዝ ሲነበብ «አልተር ቴብል» ብሎ የሠንጠረዡን ስም ይጠራና «ድሮፕ ኮንስትሬይንት» ብሎ የቁልፉን ስም ያስከትላል። በማይኤስኪውኤል «ድሮፕ ፕራይመሪ ኪ» እና «ድሮፕ ፎሪን ኪ» ይባላል። በአክሰስ ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም፤ ዋናው ቁልፍ በሠንጠረዡ መንደፊያ ገጽ ላይ ዓምዱን መርጦ የቁልፍ ሥዕል ያለበትን አዝራር በመጫን ይነሣል። ቅደም ተከተሉ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ሌሎች ሠንጠረዦች በውጭ ቁልፍ የተንጠለጠሉበት ዋና ቁልፍ በቅድሚያ አይነሣም፤ መጀመሪያ የተንጠለጠሉት ይፈታሉ፥ ከዚያ በኋላ ዋናው ይነሣል። ኤስኪውኤል ሰርቨርና አክሰስ ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ ትእዛዙን አይቀበሉም። ማይኤስኪውኤልም ቁጥሩን ራሱ እየጨመረ የሚሰጥ ዓምድ ያለ ቁልፍ ሊቀር አይገባም ብሎ ይከለክላል፤ በመጀመሪያ ያ የራስ ሰር ቆጠራ ከዓምዱ ላይ መነሣት አለበት።

ፖስትግሬስኪውኤልና ኦራክልም በመሠረቱ ይከለክላሉ፤ ነገር ግን በትእዛዙ ጫፍ ላይ «ካስኬድ» የምትባል አንዲት ቃል ከተጨመረች ክልከላው ይቀራል። ባለ ሀብቱ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ያስታውስ ቢባል ይህችን ቃል ቢያስታውስ መልካም ነው። «ካስኬድ» ማለት ዋናውን ቁልፍና በእሱ ላይ የተንጠለጠለውን የውጭ ቁልፍ ሁሉ በአንድነት አንሣ ማለት ነው። የደንበኞች ሠንጠረዥ ቁልፍ በዚህ ዓይነት ሲነሣ የደረሰኙ፥ የክፍያው፥ የተመላሽ ዕቃውና የዋስትናው ሠንጠረዥ ሁሉ ከደንበኛው ጋራ የነበራቸው ማሰሪያ ይበጠሳል። ረድፍ አይሰረዝም፤ የሚሰረዘው ማሰሪያው ነው። ዋናው ቁልፍ ኋላ ቢመለስም የተበጠሱት ማሰሪያዎች ከእሱ ጋራ አብረው አይመለሱም፤ እያንዳንዳቸው በስማቸው እንደ ገና መታሠር አለባቸው። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ ስንት እንደ ነበሩ እንኳ የሚያስታውስ አይገኝም።

ስለ ስም ከተነሣ፥ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ለቁልፉ ስም ካላወጣለት መዝገቡ ራሱ ያወጣለታል። በኤስኪውኤል ሰርቨር እንዲህ ያለው ስም በመጨረሻው ላይ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ስለሚኖረው በዋናው መሥሪያ ቤትና በቅርንጫፉ አንድ አይሆንም። በአዲስ አበባ የተሞከረው ትእዛዝ በሐዋሳ ቅርንጫፍ «እንዲህ የሚባል ቁልፍ የለም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቁልፉ ጋራ የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ዋና ቁልፍ ሲተከል መዝገቡ አብሮ ማውጫ ይሠራለታል፤ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለ የቃላት ማውጫ ማለት ነው። ቁልፉ ሲነሣ ማውጫው በአብዛኛው አብሮ ይነሣል። አንድን ደንበኛ በቁጥሩ ለማግኘት መዝገቡ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ በጥቂት መቶ ረድፎች ላይ ይህ አይታወቅም፥ ብዙ መቶ ሺህ ረድፍ ባለው መዝገብ ላይ ግን ገዢው ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ይጠብቃል። በማይኤስኪውኤል የውጭ ቁልፍ ሲነሣ ማውጫው በቦታው ይቀራል፤ እሱን ማስወጣት ከተፈለገ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የጸጸት ጊዜም በየፕሮግራሙ ይለያያል። በፖስትግሬስኪውኤልና በኤስኪውኤል ሰርቨር ትእዛዙ በሚሻር የሥራ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ ከሆነ፥ ሥራው ከመጽደቁ በፊት «መልስ» ሲባል ቁልፉ እንደ ነበረ ይሆናል። በማይኤስኪውኤልና በኦራክል ግን ትእዛዙ እንደ ተሰጠ ወዲያው ይጸናል። ስለዚህ አስቀድሞ ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወሰድ፥ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ መነበቡ ሳይረጋገጥ ቁልፍ አይነካም።

ቁልፉን መመለስ ከማንሣቱ ይልቅ የሚከብደው መዝገቡ በዚያን ጊዜ ረድፎቹን ሁሉ ስለሚመረምር ነው። አንድ የተደገመ ቁጥር ወይም አንድ ባለቤት የሌለው ደረሰኝ ካገኘ አልቀበልም ይላል። የተደገሙትን ለይቶ ማውጣት ለባለሙያው ቀላል ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛው እንደ ሆነ ግን ፕሮግራሙ ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ የወረቀት ደረሰኝ፥ የዕቃ ርክክብ ሰነድና የደንበኛው የራሱ ቃል ያስፈልጋሉ። ሥራው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ይዛወራል፤ ቁልፉ ሳይኖር የቈየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥርም የሚጣራው ይበዛል።

ከዚህ ድካም ለማምለጥ አቋራጭ መንገድ አለ። ፖስትግሬስኪውኤል የውጭውን ቁልፍ «የቀድሞው ሳይመረመር» ተብሎ እንዲተከል ይፈቅዳል። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ታግዶ የነበረውን የውጭ ቁልፍ ሳይመረምር መልሶ ሲያሠራ «የማይታመን» የሚል ምልክት ያደርግበታል። በማይኤስኪውኤል የውጭ ቁልፎች ቁጥጥር ለጊዜው ጠፍቶ ሲበራ፥ በመካከሉ የገባው ረድፍ ዳግመኛ አይመረመርም። በሦስቱም ዘንድ ዘበኛው ወደ በሩ ተመልሷል፤ ቀደም ብሎ የገባውን ግን አልፈተሸም። ይህ ለአንድ ሌሊት የሚያገለግል መፍትሔ ነው፥ ምርመራው ሳይፈጸም ወር ካለፈው ግን ቁልፍ አለ ለማለት አያስደፍርም።

ለትናንሽ ሱቆች በሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤስኪውላይት የተባለው መዝገብ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ዋናውንም ሆነ የውጭውን ቁልፍ በአንድ ትእዛዝ ማንሣት በእሱ ዘንድ አይቻልም፤ ቁልፍ የሌለው አዲስ ሠንጠረዥ ተሠርቶ፥ ረድፎቹ ወደዚያ ተገልብጠው፥ አሮጌው ጠፍቶ፥ አዲሱ በአሮጌው ስም ይጠራል። ከዚህም በላይ የውጭ ቁልፍ በመዝገቡ ላይ ቢጻፍ እንኳ ፕሮግራሙ ባለሠራ ቁጥር «ይጠበቅ» ተብሎ ካልታዘዘ በልማድ አይጠብቀውም። ስለዚህ ባለ ሱቁ ቁልፍ አለኝ ብሎ ሲያምን ቁልፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይሠራ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ባለ ሀብቱ ፈቃዱን በሚሰጥበት ጊዜ ባለሙያው የሚነሣውን ቁልፍ ስም፥ የሚገኝበትን ሠንጠረዥና ዓምድ፥ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉትን ሌሎች ቁልፎች፥ የሚነሣበትንና የሚመለስበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲፈርም ያድርግ። ቁልፉ ተመልሷል በተባለ ቀን ደግሞ ጸሐፊውን ጠርቶ፥ አስቀድሞ የተመዘገበ ደንበኛ ቁጥር፥ ለምሳሌ 417ን፥ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ያዘው፤ ቀጥሎም በሌለ ደንበኛ ቁጥር የሙከራ ደረሰኝ እንዲጽፍ ያድርግ። መዝገቡ ሁለቱንም እንቢ ካለ ቁልፎቹ በእርግጥ ተመልሰዋል፤ አንዱን እንኳ ከተቀበለ ግን ባለሙያው ሳይሄድ የሙከራው ረድፍ ይሰረዝና ሥራው እንደ ገና ይጀመር።